በሶፍትዌር ለሚሰጡ አገልግሎቶች የተገልጋይ አስተያየት መለኪያ አዘገጃጀት

መግቢያ

የመንግሥት ተቋማት አገልግሎቶቻቸውን በድረ ገጽ፣ በስልክ መተግበሪያና በአጭር የጽሑፍ መልእክት መስጠት ከጀመሩ ወዲህ፣ በመሥሪያ ቤቶች መግቢያ ላይ ይሰቀል የነበረው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቦታውን በስክሪን ላይ ለሚታዩ ኮከቦች፣ የፊት ገጽታ ምልክቶችና ቁጥሮች እየለቀቀ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የመሣሪያ ብቻ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘው ወረቀት ተገልጋዩ በራሱ ቃል የጻፈው ሲሆን፣ በሶፍትዌር የሚሰበሰበው መልስ ተቋሙ አስቀድሞ ካዘጋጃቸው አማራጮች መካከል የተመረጠ ነው። በመሆኑም የሚገኘው ውጤት የተገልጋዩን ስሜት ብቻ ሳይሆን የመለኪያውን አሠራርም ጭምር ያንጸባርቃል።

በአግባቡ ያልተዘጋጀ መለኪያ የሚያስከትለው ዋነኛ ጉዳት የተዛባ ቁጥር ማቅረቡ ብቻ አይደለም። ማመልከቻውን ማጠናቀቅ ያልቻለው፣ ጥያቄውን ያልተረዳው ወይም እውነቱን ለመናገር የሠጋው ተገልጋይ ከስሌቱ ውጭ ይሆንና፣ ተቋሙ ባገኘው ከፍተኛ አማካይ ውጤት ተማምኖ ችግሩን ሳያርም ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ ሶፍትዌር ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች፣ አገልግሎቱን ለሚመሩ የሥራ ኃላፊዎች እንዲሁም አስተያየታቸው እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ለሚፈልጉ ተገልጋዮች መሠረታዊ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

1. የአስተያየት መለኪያ ምንነትና አመጣጥ

የአስተያየት መለኪያ ማለት የአንድን ሰው አመለካከት ወይም እርካታ በቅደም ተከተል በተቀመጡ እርከኖች ለመግለጽ የሚያስችል መሣሪያ ነው። በስፋት የሚታወቀው ባለ 5 እርከን መለኪያ መነሻው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው ጥናት ነው። በዚህ ዘዴ ለመላሹ አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀርብለትና ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» ከተደረደሩት አማራጮች አንዱን ይመርጣል።

ከሶፍትዌር ጋር በቀጥታ የተያያዘው ታዋቂ መለኪያ ጆን ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያዘጋጀው የሥርዓት አጠቃቀም ምቹነት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ 10 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ አዎንታዊና አሉታዊ ዐረፍተ ነገሮች እየተፈራረቁ ይቀርባሉ፤ ለእያንዳንዱም በባለ 5 እርከን መልስ ይሰጣል። ውጤቱ ተሰልቶ ከ0 እስከ 100 ባለው ቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ግን መቶኛ ባለመሆኑ 70 ያገኘ ሶፍትዌር «70 በመቶ ተጠቃሚዎች ረክተውበታል» ተብሎ ሊተረጎም አይገባም።

በንግዱ ዓለም የሚዘወተረው ደግሞ ፍሬድ ራይክሄልድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያስተዋወቀው፣ «ይህንን አገልግሎት ለሌላ ሰው ምን ያህል ይመክራሉ?» ብሎ ከ0 እስከ 10 መልስ የሚቀበለው መለኪያ ነው። በዚህ አሠራር 9 እና 10 የመረጡት መካሪዎች፣ ከ0 እስከ 6 የመረጡት ነቃፊዎች ተብለው የሚመደቡ ሲሆን፣ የነቃፊዎቹ መቶኛ ከመካሪዎቹ መቶኛ ላይ ይቀነሳል። ይህ ጥያቄ ደንበኛው አማራጭ ባለው ገበያ ውስጥ ትርጉም ይኖረዋል። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ ብቻ በሆነበት ሁኔታ ግን ተገልጋዩ ለማንም የሚመክረው አማራጭ ስለማይኖር ለመንግሥት አገልግሎት እምብዛም አይስማማም።

2. ከመለኪያው በፊት ጥያቄውን መወሰን

ስንት እርከን ይኑር የሚለውን ከመወሰን አስቀድሞ «በሚገኘው መልስ ምን ዓይነት ውሳኔ ይሰጣል?» የሚለው ሊመለስ ይገባል። «አገልግሎታችንን እንዴት ያዩታል?» የሚል አጠቃላይ ጥያቄ ዝቅተኛ ውጤት ቢያስገኝ እንኳ፣ ችግሩ በቅጹ ርዝመት፣ በክፍያ ሥርዓቱ መቋረጥ ወይም በሠራተኛው አቀባበል ላይ መሆኑን አያሳይም።

አንድ ጥያቄ አንድ ጉዳይ ብቻ መያዝ አለበት። «አገልግሎቱ ፈጣንና ግልጽ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ፈጣን ነገር ግን ግልጽ ያልሆነ አገልግሎት ያገኘውን ሰው መልስ ያሳጣዋል። ጥያቄው መልሱንም መጠቆም የለበትም፤ «ዘመናዊው መተግበሪያችን ምን ያህል አስደሰተዎት?» የሚለው አቀራረብ መላሹ መደሰቱን አስቀድሞ ወስኖ የሚነሣ ነው።

አሉታዊ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ሲቀርብ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። «ቅጹ አስቸጋሪ አልነበረም» ለሚለው ዐረፍተ ነገር «አልስማማም» የሚል መልስ የሚሰጥ ሰው ሁለት አሉታዎችን ማጣጣም ይጠበቅበታል። «ችግር አላጋጠመዎትም?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ «አዎ» ደግሞ «አዎ፣ አላጋጠመኝም» ተብሎም «አዎ፣ አጋጥሞኛል» ተብሎም ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ «ቅጹን መሙላት ምን ያህል ቀላል ነበር?» የሚል ቀጥተኛ ጥያቄ ይመረጣል።

3. የእርከኖች ብዛት

እርከኖች በበዙ ቁጥር መለኪያው ይበልጥ ትክክለኛ ይሆናል የሚለው ግምት የሚሠራው እስከ ተወሰነ ደረጃ ድረስ ብቻ ነው። ተገልጋዩ በ62 እና በ64 መካከል ያለውን ልዩነት ሊገልጽ ካልቻለ ባለ 100 እርከን መለኪያ ትክክለኛ የሚመስል ነገር ግን ትርጉም የሌለው ቁጥር ያመነጫል። ለአብዛኛው አገልግሎት ከ5 እስከ 7 እርከን በቂ ነው።

በሌላ በኩል ሁለት አማራጭ ብቻ ማቅረብ የሚስማማበት ሁኔታ አለ። ዩቲዩብ በባለ 5 ኮከብ መለኪያው የሚሰጠው ደረጃ በአብዛኛው 5 ኮከብ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2009 ካሳወቀ በኋላ፣ በ2010 መለኪያውን በመውደድና ባለመውደድ ምልክቶች ተክቶታል። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በ2017 ኮከቦቹን በአውራ ጣት ምልክቶች ለውጧል። ሁለቱም ድርጅቶች መለኪያውን የሚፈልጉት ተመልካቹ ቀጥሎ የሚያየውን ለመምረጥ በመሆኑ ሁለት አማራጭ በቂያቸው ነበር። በጥቂቱ ቅር የተሰኘውን ከፈጽሞ ካልረካው ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ የመንግሥት ተቋም ግን በዚህ አሠራር አስፈላጊ መረጃ ያጣል።

መካከለኛ እርከን መኖሩ ትክክለኛ አቋማቸው መካከለኛ ለሆነ ሰዎች መልስ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የማይመለከታቸው ወይም መልሱን የማያውቁ ሰዎችም ይህንኑ እርከን መሸሸጊያ ያደርጉታል። መፍትሔው መካከለኛውን እርከን ማስወገድ ሳይሆን፣ ከመለኪያው ውጭ ተለይቶ የሚቀመጥና በአማካይ ስሌት ውስጥ የማይገባ «አይመለከተኝም» የሚል አማራጭ መጨመር ነው። የትኛውም እርከን አስቀድሞ ተመርጦ መቅረብ የለበትም፤ አስቀድሞ የተመረጠ አማራጭ ሳይነካ ሲታለፍ እንደ መልስ ስለሚቆጠር ውጤቱን ያዛባል።

4. የእርከኖች ስያሜና የቋንቋ ጉዳይ

ቁጥርን ያለ ቃል ማቅረብ በአገራችን ሁኔታ ለስሕተት የተጋለጠ ነው። በትምህርት ቤት «1ኛ መውጣት» ከሁሉም መብለጥ ማለት ሲሆን፣ በባለ 5 ኮከብ መለኪያ ግን 1 ዝቅተኛው ነው። «ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይስጡ» የተባለ ተገልጋይ እጅግ ረክቶ 1 ቢመርጥ የሚያስገርም አይሆንም። በመሆኑም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ እርከን በቃል መሰየም ይኖርበታል።

ስያሜዎቹ በመካከለኛው እርከን ግራና ቀኝ ሚዛናዊ መሆን አለባቸው። ከሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ምዘና ቅጾች በሚመስል መልኩ «እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ አጥጋቢ፣ ዝቅተኛ» የሚል ዝርዝር ሲቀርብ ከአምስቱ አማራጮች አራቱ የተቀባይነት ትርጉም ይይዛሉ፤ ላልረካው ተገልጋይ የሚቀርለት አንድ ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ የሚከተለው ዝርዝር ለሁለቱም ወገን እኩል ቦታ ይሰጣል፦

• በጣም ረክቻለሁ
• ረክቻለሁ
• መካከለኛ
• አልረካሁም
• በጣም አልረካሁም

ጥያቄው በአክብሮት አነጋገር («ረክተዋል?»፣ «አገኙት?») መቅረቡ ተገቢውን ክብር ከመስጠቱም በላይ፣ ግሡ ለወንድና ለሴት ስለማይለያይ አንዱን ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ለመጠቀም ያስችላል።

መለኪያው ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ሌሎች ቋንቋዎች ሲተላለፍ ቃል በቃል መተርጎም በቂ አይደለም። በአንዱ ቋንቋ «በጣም» የሚለው ቃል ያለው ክብደት በሌላው ቋንቋ ላይገኝ ይችላል። ስለሆነም ትርጉሙ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ባላየ ሌላ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ተመልሶ እንዲነጻጸር ማድረግና በየቋንቋው ተናጋሪዎች መሞከር ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ የሁለት ክልሎችን ውጤት ማወዳደር ከአገልግሎቱ ልዩነት ይልቅ የትርጉሙን ልዩነት መለካት ሊሆን ይችላል።

5. ይሉኝታና ሥጋት

በኅብረተሰባችን ዘንድ አገልግሎት የሰጠን ሰው ፊት ለፊት መንቀፍ እንደ ነውር የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። «ምንም አይልም» የሚለው መልስ እርካታን፣ ትዕግሥትን ወይም ተስፋ መቁረጥን ሊያመለክት ይችላል። ሠራተኛው የራሱን ታብሌት ለባለጉዳዩ አቀብሎ ከአጠገቡ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ የሚሰበሰበው አስተያየት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ተገልጋይ ደግሞ የሚሰጠው መልስ ውሳኔውን ይነካብኛል ብሎ ሊሠጋ ይችላል።

ይህንን ለመቀነስ መልሱ ከማመልከቻ ቁጥር፣ ከስምና ከስልክ ቁጥር ተነጥሎ መቀመጥ፣ ይህም ከጥያቄው ጋር በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር መገለጽ ይኖርበታል። መልስ የሚፈልግ ቅሬታ ያለው ሰው በራሱ ፈቃድ አድራሻውን የሚተውበት የተለየ የቅሬታ ማቅረቢያ መኖር አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ በመሆኑም፣ አስተያየት የሚሰበስብ ሶፍትዌር ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ የግል መረጃ እንዳይሰበስብ ሆኖ መሠራት ይገባዋል።

6. መቼና ለማን ይቀርብ?

አብዛኛው ሶፍትዌር የአስተያየት ጥያቄውን የሚያቀርበው «ማመልከቻዎ በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» ከሚለው ገጽ ቀጥሎ ነው። ይህ ማለት ጥያቄው የሚደርሰው ለተሳካላቸው ብቻ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰዎች ማመልከቻ መሙላት ጀምረው 600ዎቹ ቢያጠናቅቁ፣ ከእነዚህም 90ዎቹ አስተያየት ሰጥተው 81ዱ «ረክቻለሁ» ቢሉ፣ በሪፖርት ላይ የሚታየው የ90 በመቶ እርካታ ይሆናል። ሳይሳካላቸው የወጡት 400 ሰዎች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። መርካታቸው የታወቀው 81 ሰዎችም ከጀመሩት ውስጥ ከ9 በመቶ በታች ናቸው።

ስለዚህ የአስተያየት መስጫው የስሕተት መልእክት በሚታይበት ገጽ፣ «አቋርጥ» በሚለው ቁልፍና በእርዳታ መስጫው ላይም ሊገኝ ይገባል። የእርካታ ውጤት ሲቀርብም ስንት ሰው እንደጀመረ፣ ስንቱ እንዳጠናቀቀና ስንቱ እንደመለሰ አብሮ መገለጽ አለበት። የዩናይትድ ኪንግደም መንግሥት ለዲጂታል አገልግሎቶቹ ካወጣቸው የአፈጻጸም መለኪያዎች መካከል የተጠቃሚ እርካታና የማጠናቀቅ ምጣኔ ጎን ለጎን የተቀመጡት አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ ሥዕል ስለማይሰጥ ነው።

ማመልከቻው ዛሬ ተልኮ ሰነዱ ከሳምንታት በኋላ በሚደርስበት አገልግሎት ላይ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ተገቢ ነው፦ አንደኛው የቅጹን ቀላልነት ማመልከቻው እንደተላከ፣ ሁለተኛው ደግሞ የአገልግሎቱን ውጤት ሰነዱ ከደረሰ በኋላ። ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ማጠቃለል የሶፍትዌሩን ድክመት ከአሠራሩ መዘግየት ጋር ያደባልቃል።

7. ተደራሽነት

ኮከቦችና የፊት ገጽታ ምልክቶች ለዓይነ ስውራን በሚያገለግል የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ሲነበቡ፣ ስያሜ ካልተጻፈላቸው ትርጉም የሌላቸው ሥዕሎች ሆነው ይቀራሉ። ቀይና አረንጓዴ ቀለም ብቻውን የእርካታ መግለጫ ከሆነ ሁለቱን ቀለሞች መለየት የሚቸገሩ ሰዎች ይገለላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ቅጽ 2.2፣ የሚነኩ ቁልፎች ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ስፋት ወይም በቂ ክፍተት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ተጠጋግተው የተደረደሩ 10 ኮከቦች ይህንን ላያሟሉ ይችላሉ።

ኢንተርኔት ለማያገኙ ተገልጋዮች አጭር የጽሑፍ መልእክት አማራጭ ነው። ይሁንና አንድ መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ቁምፊ ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። በመሆኑም የእያንዳንዱ ፊደል ቁጠባ ለወጪም ለግልጽነትም ይጠቅማል። የሚከተለው ምሳሌ ክፍት ቦታዎችን ጨምሮ በትክክል 70 ቁምፊ ነው፦

አገልግሎቱ ምን ያህል አረካዎት? 1 በጣም አልረካሁም 2 አልረካሁም 3 መካከለኛ 4 ረክቻለሁ 5 በጣም ረክቻለሁ

በድረ ገጽና በስልክ መልእክት የሚቀርበው መለኪያ አንድ ዓይነት ስያሜና አንድ ዓይነት የቁጥር አቅጣጫ ሊኖረው ይገባል፤ አለበለዚያ ውጤቶቹን መደመር አይቻልም።

8. ውጤቱን ማስላትና ማንበብ

በእርከኖች መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም። ከ«አልረካሁም» ወደ «መካከለኛ» የሚደረገው ሽግግር ከ«ረክቻለሁ» ወደ «በጣም ረክቻለሁ» ከሚደረገው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ከዚህም በላይ አማካይ ቁጥር ብቻውን እውነታውን ይሸፍናል። በአንድ ቅርንጫፍ 100 ሰዎች ሁሉም 3 ቢመርጡ፣ በሌላው ቅርንጫፍ ደግሞ 50ዎቹ 1፣ 50ዎቹ 5 ቢመርጡ፣ የሁለቱም አማካይ 3 ነው። በሁለተኛው ቅርንጫፍ ግን ግማሹ ተገልጋይ ፈጽሞ አልረካም፤ ምናልባትም አገልግሎቱ ለአንዱ ወገን ሠርቶ ለሌላው አልሠራም። ስለዚህ እያንዳንዱን እርከን ስንት ሰው እንደመረጠው የሚያሳይ ዝርዝር ከአማካዩ ጋር መቅረብ አለበት።

የመላሾች ብዛትም ሊታሰብበት ይገባል። አስተያየት የሰጡት 2 ሰዎች ብቻ ሆነው ሁለቱም የረኩበት ቅርንጫፍ 100 በመቶ ያስመዘግባል፤ ከ400 መላሾች 370ዎቹ የረኩበት ቅርንጫፍ ደግሞ 92.5 በመቶ ያገኛል። የመጀመሪያውን ማስቀደም ስሕተት መሆኑ ግልጽ ነው። ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ባቀረበው ቀመር በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ሲሰላ፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ የታችኛው ወሰን 34 በመቶ ገደማ ሲሆን የሁለተኛው ግን 89 በመቶ ገደማ ነው። ቅርንጫፎችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ የሚፈልግ ሶፍትዌር ይህን መሰሉን ወሰን ቢጠቀም ጥቂት መላሾች ያሉት ቅርንጫፍ ያለ አግባብ እንዳይመሰገን ወይም እንዳይወቀስ ያደርጋል።

መለኪያው በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የእርከን ብዛት ወይም ስያሜ መለወጥ ያለፉትን ዓመታት ውጤት ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር እንዳይቻል ያደርጋል። ለውጥ የግድ ከሆነ አሮጌውና አዲሱ ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ሊሠራባቸው ይገባል።

9. ውጤቱ ለምን ይውላል?

የእርካታ ቁጥር የሠራተኛ እድገት ወይም ጉርሻ ብቸኛ መመዘኛ ሲሆን ጥረቱ አገልግሎቱን ከማሻሻል ይልቅ ቁጥሩን ከፍ ወደማድረግ ያዘነብላል። «እባክዎ 5 ይስጡኝ» የሚል ልመና፣ የተናደደ ባለጉዳይን ከአስተያየት መስጫው ማራቅና በራስ እጅ መሙላት የዚህ ውጤቶች ናቸው። በመሆኑም መለኪያው በቅድሚያ የአሠራር ጉድለትን ለማግኘት መዋል ይኖርበታል።

ዝቅተኛ እርከን ለመረጠ ተገልጋይ «ያጋጠመዎት ችግር ምን ነበር?» የሚል፣ በፈቃደኝነት የሚሞላ የጽሑፍ ቦታ ማቅረብ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ችግር መኖሩን ሲጠቁም፣ ምን እንደሆነ የሚነግረን ተገልጋዩ በራሱ ቃል የጻፈው ነው። ተቋሙ በየጊዜው ምን እንደተባለና ምን እንደተስተካከለ ለሕዝብ ሲያሳውቅ፣ አስተያየት መስጠት ዋጋ እንዳለው ተገልጋዩ ይረዳል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ እውነቱን ለመናገር ይበረታታል።

10. ሶፍትዌሩ ከመለቀቁ በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ነጥቦች

• በሚገኘው መልስ የሚሰጠው ውሳኔና ውሳኔውን የሚሰጠው የሥራ ክፍል ተለይተው ታውቀዋል?
• እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዟል?
• ሁሉም እርከኖች በቃል ተሰይመዋል? ላልረካውና ለረካው እኩል አማራጭ ተሰጥቷል?
• «አይመለከተኝም» የሚል አማራጭ ከመለኪያው ውጭ ተቀምጧል?
• አገልግሎቱን ሳያጠናቅቅ የሚወጣ ሰው አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ አለ?
• መልሱ ከተገልጋዩ ማንነት ተነጥሎ ይቀመጣል? ይህስ ለተገልጋዩ ተገልጾለታል?
• መለኪያው በሁሉም የአገልግሎት ቋንቋዎች፣ በስክሪን አንባቢና በአነስተኛ ስልክ ተሞክሯል?
• ሪፖርቱ ከአማካዩ በተጨማሪ የመላሾችን ብዛት፣ የእርከኖችን ስርጭትና የማጠናቀቅ ምጣኔን ያሳያል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በሙሉ አዎንታዊ መልስ ከመገኘቱ በፊት መለኪያውን ከ5 እስከ 10 በሚሆኑ፣ በዕድሜ፣ በትምህርት ደረጃና በቋንቋ በሚለያዩ ተገልጋዮች መሞከርና እያንዳንዱ ሰው የመረጠውን ለምን እንደመረጠ መጠየቅ ይመከራል። «1 የመረጥኩት በጣም ስለረካሁ ነው» የሚል አንድ መላሽ እንኳ ከተገኘ፣ መታረም ያለበት መለኪያው እንጂ ተገልጋዩ አይደለም።